ፍጥነታችን ስንት ነው? ወዴትስ ነው?

በዚህ ዓምድ ስለ ትዳርና ስለ ልጆች አስተዳደግ ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ግን ለየት ያለ ርዕስ ይዘን ቀርበናል፤ ከልጆቻችን የፊዚክስ ደብተር አንድ ቃል እንዋሳለን። ቃሉ «ቬሎሲቲ» ይባላል። «ይህ ለቤተሰብ መጽሔት ምን ያደርጋል?» ትሉን ይሆናል። እባካችሁ እስከ መጨረሻው ታገሡን፤ መጀመሪያ ልጃችንን እንረዳለን፣ ከዚያም ወደ ራሳችን እንመለሳለን።

እስቲ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ውስጥ ያለ አንድ ቤት እናስብ። ራት ተበልቷል፤ ቡናው ሦስተኛው ላይ ደርሷል። የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጅ ደብተሩን ይዞ ወደ አባቱ ይጠጋና፣ «አባዬ፣ የስፒድና የቬሎሲቲ ልዩነት ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አባት ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ውሏል። «ሁለቱም ፍጥነት ነው! ፍጥነት ደግሞ ምን ይከብዳል? ይልቅ ዝም ብለህ አጥና» ይለዋል። ልጁ ደብተሩን አጥፎ ይሄዳል። ከዚያች ምሽት በኋላ ፊዚክስ የእርሱ እንዳልሆነ በልቡ ወስኖ ሊሆን ይችላል፤ አባቱም አልሰማም።

ወገኖች ሆይ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም ሰምተናል። የ2015ቱ 3.2 በመቶ፣ የ2016ቱ 5.4 በመቶ፣ የ2017ቱ 8.4 በመቶ ነበር። ከእነዚህ ቁጥሮች ጀርባ ያሉት የእኛው ልጆች ናቸው። በመዘምራን ውስጥ የሚዘምሩ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ያሳደግናቸው፣ ስለ እነርሱ የጸለይንላቸው ልጆች ናቸው። ጸሎታችን መልካም ነው፤ ነገር ግን ከጸሎቱ ጋር አንድ ምሽት አብረናቸው ብንቀመጥ ምን ይጎዳናል? ፊዚክስ አልተማርኩም የሚል ወላጅም አይፍራ፤ የዛሬው ነገር መደመርና ማካፈል ለሚችል ሰው ሁሉ ይገባል።

አንድ ቃል ለሁለት ነገር

ችግሩ የሚጀምረው ከቋንቋው ነው። በአማርኛችን «ፍጥነት» ስንል ስፒድንም ቬሎሲቲንም በአንድ ቃል እንጠራቸዋለን። በጅማና በአካባቢው እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ሲማር የቆየ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ ፊዚክስን በእንግሊዝኛ ይማራል። በዚያን ጊዜ በቤቱ አንድ ስም የነበረው ነገር በድንገት ሁለት ስም ይዞ ይመጣበታል። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን በእርግጥ ግራ ስለገባው ነው የሚጠይቀን።

ልዩነቱ ይህ ነው። ስፒድ የሚጠይቀው «ምን ያህል ይፈጥናል?» ብሎ ብቻ ነው። ቬሎሲቲ ግን ሁለት ጥያቄ አለው፤ «ምን ያህል? ወዴትስ?» ይላል። አንድ ባጃጅ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው ካልን ስፒዱን ተናገርን። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን እየሄደ ነው ካልን ግን ቬሎሲቲውን ተናገርን። አቅጣጫው ከተረሳ መልሱ ጎዶሎ ነው። መምህሩ «ቬክተር» የሚለው እንዲህ መጠንም አቅጣጫም ያለውን ነገር ነው፤ መጠን ብቻ ያለውን «ስኬለር» ይለዋል።

ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ

ይህን በደንብ ለመረዳት ሁላችን የምናውቀውን መንገድ እንውሰድ። ከአዲስ አበባ ጅማ በመኪና መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶቡሱ በወሊሶና በወልቂጤ አልፎ፣ ወደ ጊቤ ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ፣ ሶኮሩን፣ አሰንዳቦንና ሰርቦን አቋርጦ ጅማ ይገባል። አንድ ሰው ግን ካርታ ዘርግቶ አዲስ አበባንና ጅማን በማስመሪያ ቢያገናኛቸው በመካከላቸው ያለው ርቀት 260 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ ያገኘዋል፤ አቅጣጫውም ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው።

እንግዲህ ሁለት ቁጥሮች አሉን። ጎማው የተንከባለለበት መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህ «ዲስታንስ» ይባላል። ከመነሻ እስከ መድረሻ በቀጥታ ያለው፣ አቅጣጫ የተጨመረበት 260 ኪሎ ሜትር ደግሞ «ዲስፕሌስመንት» ይባላል። ጉዞው 7 ሰዓት ፈጀ እንበል። 350 ለ7 ሲካፈል 50 ይሆናል፤ ስለዚህ የአውቶቡሱ አማካይ ስፒድ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ነው። 260 ለ7 ሲካፈል ደግሞ 37 ገደማ ይሆናል፤ አማካይ ቬሎሲቲው በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው ማለት ነው። አውቶቡሱ አንድ ነው፣ ጉዞው አንድ ነው፣ ጊዜውም አንድ ነው። መልሱ ሁለት የሆነው ጥያቄው ሁለት ስለሆነ ነው። ሾፌሩ የደከመው በ50 ልክ ነው፤ ወደ ጅማ የቀረበው ግን በ37 ልክ ነው።

በጊቤ ቁልቁለት

አሁን ደግሞ ወደ ጊቤ ስትወርዱ የሚሰማችሁን አስታውሱ። ሾፌሩ በጥንቃቄ ይነዳል፤ ፊት ለፊቱ ያለው የፍጥነት መለኪያ 40 ላይ ቆሟል እንበል። አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ሆኖም መኪናው በታጠፈ ቁጥር ሰውነታችሁ ወደ መስኮቱ ወይም ወደ ጎረቤታችሁ ይገፋል። ፍጥነቱ ካልተለወጠ የገፋችሁ ምንድን ነው?

መልሱ ስፒዱ ባይለወጥም ቬሎሲቲው መለወጡ ነው። ቬሎሲቲ አቅጣጫን ስለሚጨምር አቅጣጫ ሲለወጥ ቬሎሲቲም ይለወጣል። አውቶቡሱ ታጠፈ፤ የእናንተ ሰውነት ግን በነበረበት አቅጣጫ በቀጥታ መሄድ ይፈልጋል። የቬሎሲቲ መለወጥ «አክስለሬሽን» ይባላል። ብዙ ተማሪዎች አክስለሬሽን የሚባለው ነዳጅ ሲረገጥ ብቻ ይመስላቸዋል። በጊቤ መንገድ የተጓዘ ልጅ ግን ጥያቄውን በገዛ ትከሻው አውቆታል፤ እናንተ የምታስታውሱት ያንን ብቻ ነው።

ቀነኒሳ ያስመዘገበው ዜሮ

ልጆቻችንን ፈገግ የሚያሰኝ አንድ ምሳሌ እንጨምር። ቀነኒሳ በቀለ በነሐሴ 1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2005) ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሮጦ በጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን የሆነውን ሰዓት አስመዘገበ። ደቂቃውን ወደ ሰከንድ ስንለውጠው 1,577.53 ሰከንድ ይሆናል። 10,000 ሜትርን ለዚህ ብናካፍል አማካይ ስፒዱ በሰከንድ 6.34 ሜትር ገደማ ነው፤ በሰዓት ወደ 23 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ባጃጅ በከተማ ውስጥ ከሚሄድበት ብዙም አያንስም!

አማካይ ቬሎሲቲውስ? ዜሮ ነው። ምክንያቱም 10,000 ሜትር ማለት 400 ሜትር ያለውን መም 25 ጊዜ መዞር ነው፤ ሯጩ የጨረሰው በጀመረበት መስመር ላይ ነው። ዲስፕሌስመንቱ ዜሮ ስለሆነ አማካይ ቬሎሲቲውም ዜሮ ይሆናል። ዩሴይን ቦልት በ2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2009) በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ ሲሮጥ ግን መንገዱ ቀጥ ያለ ነበርና የስፒዱም የቬሎሲቲውም መጠን እኩል በሰከንድ 10.44 ሜትር ገደማ ነው።

ታዲያ ቀነኒሳ በከንቱ ሮጠ ልንል ነው? በጭራሽ! ዜሮው የሚናገረው ከመነሻው ምን ያህል እንደ ራቀ ብቻ ነው። ስለ ድካሙ፣ ስለ ጽናቱና ስለ ክብሩ የሚናገረው ነገር የለም። ይህን ነጥብ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ልጆች የሚሰናከሉባቸው ሦስት ቦታዎች

አንደኛ፣ አማካይ ሲጠየቁ ሁለቱን ፍጥነቶች ደምረው ለሁለት ያካፍላሉ። ከጅማ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ መኪና ባዶውን በ1 ሰዓት ደረሰ፤ ቡና ጭኖ ሲመለስ 1 ሰዓት ተኩል ፈጀበት። ሲሄድ በሰዓት 45፣ ሲመለስ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነበር። ልጁ 37.5 ይላችኋል። ትክክለኛው ግን ጠቅላላውን መንገድ ለጠቅላላው ጊዜ ማካፈል ነው፤ 90 ለ2.5 ሲካፈል 36 ይሆናል። በዝግታ የተሄደው ጉዞ ረዘም ያለ ጊዜ ስለ ወሰደ አማካዩን ወደ ራሱ ይስበዋል። የደርሶ መልሱ አማካይ ቬሎሲቲ ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁት፤ ቀነኒሳን ካስታወሰ ዜሮ ይላችኋል።

ሁለተኛ፣ መለኪያውን ያደባልቃሉ። በሰዓት ኪሎ ሜትርን ወደ በሰከንድ ሜትር ለመለወጥ ለ3.6 ማካፈል ነው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር በሰከንድ 10 ሜትር ነው። 1 ኪሎ ሜትር 1,000 ሜትር፣ 1 ሰዓት ደግሞ 3,600 ሰከንድ ስለሆነ ነው። ልጁ 3.6ን እንዲሸመድድ ከማድረግ ይልቅ ከየት እንደ መጣ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

ሦስተኛ፣ የመቀነስ ምልክት ያስደነግጣቸዋል። ወደ አጋሮ የሚወስደውን አቅጣጫ «መደመር» ብለን ከሰየምን መመለሻው «መቀነስ» ይሆናል። ስለዚህ ቬሎሲቲ መቀነስ 30 ነው ማለት መኪናው ከመቆም በታች ሆኗል ማለት አይደለም፤ በሰዓት 30 እየሄደ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነው።

አሁን ወደ ባልና ሚስት

የተወደዳችሁ፣ ልጃችሁን እስከዚህ ከረዳችሁት እናንተም አንድ ነገር አግኝታችኋል። የልጃችሁን ጥያቄ ለራሳችሁ ብትጠይቁትስ?

በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ወቅት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይበላሻልና ሁሉም ይሮጣል። ለምሳሌ ቡና የሚነግድ አንድ ባልና በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠራ አንዲት ሚስት እናስብ። እርሱ ጎህ ሳይቀድ ወደ አጋሮ ይወጣል፤ ማታ ደክሞ ይገባል። እርሷ ከሥራ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ እህቶች ኅብረት፣ እሑድ ደግሞ ወደ መዘምራን ልምምድ ትሮጣለች። ሁለቱም ትጉሃን ናቸው። ሁለቱም ጌታን ይወድዳሉ። ማንም ሰነፍ ሊላቸው አይችልም።

ነገር ግን እርሱ በልቡ አይሱዙ ገዝቶ እዚያው ጅማ ንግዱን ለማስፋት ይቆጥባል። እርሷ ደግሞ ዕቁብ የምትጥለው ልጆቹ አዲስ አበባ እንዲማሩ ቤተሰቡ ወደዚያ የሚዛወርበትን ቀን እያሰበች ነው። ይህን አንድም ቀን ቁጭ ብለው አልተነጋገሩበትም። እርሱ እርሷን «ገንዘቡ የት ይገባል?» ይላታል፤ እርሷ እርሱን «ለቤትህ ጊዜ የለህም» ትለዋለች። ጠቡ የሚመስለው ስለ ገንዘብና ስለ ጊዜ ነው። ሥሩ ግን ሌላ ነው፤ ፍጥነታቸው እኩል ሆኖ አቅጣጫቸው ተለያይቷል።

ፊዚክስ ስለዚህ የሚያስተምረን ነገር አለ። በአንድ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሁለት መኪናዎች ከአንድ ቦታ ተነሥተው እያንዳንዳቸው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር በተቃራኒ አቅጣጫ ቢሄዱ ከ1 ሰዓት በኋላ በመካከላቸው 80 ኪሎ ሜትር ይኖራል፤ ከ3 ሰዓት በኋላ 240 ይሆናል። ማንም በደል አልሠራም፤ ፍጥነት በጨመሩ ቁጥር ግን የበለጠ ይራራቃሉ። እንዲህ ባለ ትዳር ውስጥ «የበለጠ እንትጋ» የሚለው ምክር ብቻውን መድኃኒት አይሆንም።

በአንድ አቅጣጫ ሆኖ አንዱ በ40፣ ሌላው በ30 ቢሄድስ? ከ1 ሰዓት በኋላ 10 ኪሎ ሜትር ይለያዩና የኋለኛው የፊተኛውን ጀርባ እንኳ አያይም። በአገልግሎት ወይም በትምህርት ፈጥኖ የሄደ የትዳር ጓደኛ ዞር ብሎ ማየት ያለበት ለዚህ ነው። በአንድ አውቶቡስ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎችን ግን ተመልከቱ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ፤ አንዱ ለሌላው ግን የቆመ ያህል ነው። ይነጋገራሉ፣ ዳቦ ይካፈላሉ፣ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ያንቀላፋል። የአንዱ ቬሎሲቲ ከሌላው ቬሎሲቲ ጋር እኩል ስለሆነ ነው። ነቢዩ አሞጽም ሁለት ሰዎች አብረው ለመሄድ አስቀድሞ መስማማት እንደሚያስፈልጋቸው በጥያቄ መልክ ያሳስበናል (አሞ. 3፥3)።

የ11 ቀን መንገድ

ስለ መንገድና ስለ መድረሻ ስናወራ የእስራኤል ሕዝብ ጉዞ ሳይታወሰን አይቀርም። ዘዳግም ከኮሬብ እስከ ቃዴስ በርኔ ያለው መንገድ የ11 ቀን ጉዞ እንደ ነበር ይነግረናል (ዘዳ. 1፥2)፤ እነርሱ ግን በ40ኛው ዓመት ገና በሞዓብ ምድር ነበሩ። እግራቸው ብዙ ሄዷል፤ ወደ ተስፋዪቱ ምድር የቀረቡት ግን በእግራቸው ልክ አልነበረም። ያለማመንና ያለመታዘዝ መንገድ እንዲህ ያዞራል።

ይህን ብለን ግን ማንንም ልንኮንን አንፈልግም። የቀነኒሳን ዜሮ ያዙልን ብለናችሁ ነበር። እግዚአብሔር በዚያ ሁሉ ዙረት ሕዝቡን መና መግቧል፣ መርቷቸዋልም። ዛሬም የታመመች እናቷን ለማስታመም ሥራዋን የተወች እህት፣ በየቀኑ ከቤት ወደ ሥራ ከሥራ ወደ ቤት የሚመላለስ ወንድም «ዓመቱ አልፎ እዚያው ነኝ» ብለው ይተክዙ ይሆናል። ዲስፕሌስመንት የሰው ዋጋ መለኪያ አይደለም። መም ላይ የሚዞር ሯጭም ወደ ተመደበለት ፍጻሜ እየሮጠ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ሩጫ ሲጽፍ የእርሱ ሩጫ ግብ እንደሌለው ሰው ሩጫ እንዳልሆነ ተናግሯል (1ኛ ቆሮ. 9፥26)። ግቡን ያወቀ ሰው በዙረቱም አይጠፋም። የሚያስፈራው እየፈጠኑ ወዴት እንደሆነ አለማወቅ ነው።

የዚህ ወር የቤት ሥራ

በመጪው እሑድ ቤተሰባችሁን ይዛችሁ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ ልጃችሁ እርምጃውን ይቁጠር፣ ሰዓትም ይያዝ። ለምሳሌ 300 ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ ከዚያ ታጥፋችሁ 400 ሜትር ወደ ሰሜን ሄዳችሁ በ10 ደቂቃ ብትደርሱ የተራመዳችሁት 700 ሜትር ነው፤ በቀጥታ ያለው ግን 500 ሜትር ነው። 10 ደቂቃ 600 ሰከንድ ነውና ስፒዳችሁ በሰከንድ 1.17 ሜትር ገደማ፣ ቬሎሲቲያችሁ ደግሞ በሰከንድ 0.83 ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። የራሳችሁን መንገድ ቁጥር ልጁ ይሥራው፤ እናንተ ጠያቂ ሁኑ። ቢሳሳት አትቆጡት። «እስቲ አቅጣጫውን ረስተህ እንደሆነ ተመልከት» በሉት። ሲያገኘው በእኅቶቹና በወንድሞቹ ፊት አመስግኑት።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ደግሞ ባልና ሚስት ለብቻችሁ ተቀመጡ። ሬዲዮና ስልክ ይዘጋ። እያንዳንዳችሁ በየራሳችሁ ወረቀት ላይ ሁለት መልስ ጻፉ፤ «በዚህ ዓመት ብዙ የሮጥሁት በምንድን ነው?» እና «ከ5 ዓመት በኋላ ቤታችን የት እንዲደርስ እፈልጋለሁ?» የሚሉትን። ከዚያ ወረቀት ተለዋወጡ። ሌላው ያነበበውን ሳይጨርስ ጣልቃ አትግቡ። አቅጣጫችሁ የተለያየ ሆኖ ብታገኙት አትደንግጡ፤ ዛሬ ማወቃችሁ ከ240 ኪሎ ሜትር በኋላ ከማወቅ ይሻላል። እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ጸልዩ፣ አስፈላጊ ከሆነም ወደ መጋቢያችሁ ወይም ወደምታከብሯቸው ሽማግሌ ሄዳችሁ ተማከሩ።

በሚቀጥለው ምሽት ያ ልጅ ደብተሩን ይዞ ሲመጣ ቦታ ልቀቁለት። መልሱን ባታውቁት እንኳ «ና፣ አብረን እንየው» በሉት።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ፤ እግራችሁንም በቀና መንገድ ይምራ። በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ በሰላም ቆዩን።